«በ31 ሜትር ባንድ» ማለት ምን ማለት ነበር?

«…በአጭር ሞገድ በ19፣ በ25 እና በ31 ሜትር ባንድ።» ሬዲዮ ባለበት ቤት አድጎ ይህን አነጋገር ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዜናው ሊጀመር ሲል ይነበባል፤ ሲያበቃ ይደገማል። እኛ ቤት አባቴ የሬዲዮውን ቁልፍ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ፣ ቀዩን መስመር ለዓይን በማይታይ ርቀት ወዲያና ወዲህ እያለ ጣቢያውን ይፈልግ ነበር። ሲያገኘው እጁን ቀስ አድርጎ ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ ከሬዲዮው አጠገብ ማለፍ ራሱ በፈቃድ ነው። ድንጋዩ የደከመ እንደሆነ ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣና ለአንድ ሁለት ምሽት ያገለግላል። ድምፁ ይመጣል፣ ይርቃል፣ እንደገና ይመጣል። ልክ ዋናው ነገር ሲነገር መራቁ ሁላችንንም ያናድደን ነበር።

31 ሜትሩ የምን ርዝመት እንደሆነ ያን ጊዜ የነገረኝ የለም። የአንቴና ይመስለኝ ነበር። ነገሩን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ፣ ራሴ አድማጭ ሆኜ ነው። ሲገባኝ ግን ብዙ ነገር አብሮ ተፈታልኝ፦ ድምፁ ለምን እንደሚመጣና እንደሚሄድ፣ ለምን ማታ እንደሚሻል፣ ከተማ ላይ የታፈነው ጣቢያ ገጠር ለምን እንደሚሰማ። ስለዚህ ከዚያችው አነጋገር ልጀምር።

የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ የብርሃን ፍጥነት ነው። ማሰራጫው አንቴናው ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘዋል። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ለብዙ ዓመታት የሠራበትን 9,705 ኪሎ ኸርዝ እንውሰድ። በሰከንድ 9,705,000 ውዝዋዜ ማለት ነው። ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ሲጣል ክብ እየሠራ የሚሄደውን ሞገድ አስቡት፤ ከአንዱ ጉብታ እስከ ተከታዩ ጉብታ ያለው ርቀት ስንት ነው? 300,000ን ለ9,705 ስታካፍሉት 30.9 ይመጣል። 31 ሜትር የተባለው እሱ ነው። ሌላውም በዚሁ መንገድ ይገኛል፦ 11,800 ኪሎ ኸርዝ 25 ሜትር፣ 15,400 ኪሎ ኸርዝ 19 ሜትር ይሆናል።

ባንድ እንግዲህ ሰፈር ነው። 31 ሜትር ባንድ ከ9,400 እስከ 9,900 ኪሎ ኸርዝ ያለው ሰፈር ሲሆን 9,705 በዚያ ሰፈር ውስጥ የአንድ ቤት ቁጥር ነው። የድሮዎቹ ሬዲዮዎች መስታወት ላይ የቤት ቁጥሩን ለይቶ ማንበብ ስለማይቻል ሰፈሩን ማወቅ ትልቅ ነገር ነበር፤ ቀሪውን ጆሮና ትዕግሥት ይጨርሱታል። «አጭር» መባሉ ደግሞ ከመካከለኛ ሞገድ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ 1,000 ኪሎ ኸርዝ 300 ሜትር ነውና። የኤፍ ኤም ሞገድ ከአጭሩም ያጠረ፣ 3 ሜትር ገደማ ነው፤ ስሙ ግን ቀድሞ ለሌላው ተሰጥቷል። አጭር ሞገድ የሚባለው ከ100 እስከ 10 ሜትር፣ ማለትም ከ3,000 እስከ 30,000 ኪሎ ኸርዝ ያለው ነው።

ሰማዩ ምን ያደርጋል?

ኤፍ ኤም በቀጥታ መስመር ነው የሚሄደው። ከአዲስ አበባ በመኪና ወጥታችሁ ተራራ ከጋረዳችሁ በኋላ ይጠፋል። መካከለኛ ሞገድ መሬቱን ተከትሎ ትንሽ ይሳባል። አጭር ሞገድ ግን ወደ ሰማይ ወጥቶ ይመለሳል፤ የዚህ ጨዋታ ሁሉ ምስጢር እዚህ ላይ ነው።

ከመሬት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ሲባል አየሩ በጣም ስስ ነው። የፀሐይ ጨረር እዚያ ያለውን አየር እየመታ ኤሌክትሮኖቹን ይነቅላል። ከዚያ ጀምሮ እስከ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ድረስ የተነቀሉ ኤሌክትሮኖች የሚንሳፈፉበት ሰማይ አለ፤ አዮኖስፌር ይባላል። አጭር ሞገድ እዚያ ሲደርስ ኤሌክትሮኖቹ አብረውት ይወዛወዛሉ፤ በዚህም መንገዱን ቀስ በቀስ እያጎበጡ ወደ መሬት ይመልሱታል። መሬቱ ወይም ባሕሩ ደግሞ ተቀብሎ ወደ ላይ ይወረውረዋል። አንድ ዝላይ እስከ 4,000 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከጀርመኗ ኮሎኝ አዲስ አበባ 5,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሁለት ዝላይ ይደረሳል።

አዮኖስፌር አንድ ወጥ አይደለም። የታችኛው ንብርብር፣ ዲ የሚሉት፣ ቀን ብቻ ያለ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ገና ወፈር ያለ ስለሆነ የተወዛወዘው ኤሌክትሮን ወዲያው ከአየር ቅንጣት ጋር ይጋጭና ከሞገዱ የወሰደውን ጉልበት ሳይመልስ ይቀራል። በዚህ የበለጠ የሚጎዳው ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም የውዝዋዜው ቁጥር ያነሰውና ሜትሩ ትልቅ የሆነው ነው። ቀን 49 ሜትር ባንድ ላይ የሩቅ ጣቢያ ፈልጋችሁ የምታጡት ለዚህ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ዲ ወዲያው ይከስማል፤ መንገዱ ይከፈታል። ላይኛው ንብርብር፣ ኤፍ የሚሉት፣ ሌሊቱንም ይቆያል፤ ነገር ግን እየሳሳ ስለሚሄድ ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ መመለስ ያቅተዋል፤ 16 እና 19 ሜትር ላይ የነበሩት ሞገዶች ወደ ጠፈር አልፈው ይሄዳሉ። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ቀን ትንሽ ሜትር፣ ማታ ትልቅ ሜትር። ጣቢያዎቹ ሁለትና ሦስት ባንድ የሚቆጥሩልን ከፀሐይ ጋር አብረው ስለሚንቀሳቀሱ ነው።

ድምፁ የሚመጣውና የሚሄደውስ? ይህን ስረዳ ነው በጣም የተደነቅሁት። አንድ ሥርጭት ወደ እናንተ የሚመጣው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። አንዱ ሞገድ በሁለት ዝላይ፣ ሌላው በሦስት ዝላይ ይደርሳል። ሁለቱ ጉብታ ከጉብታ ጋር ገጥመው ከደረሱ ድምፁ ይጎላል፤ የአንዱ ጉብታ በሌላው ጎድጓዳ ላይ ካረፈ ይጠፋፋሉ። 31 ሜትር ባንድ ላይ ከመግጠም ወደ መጠፋፋት ለመለወጥ የሚያስፈልገው የመንገድ ልዩነት የሞገዱ ግማሽ፣ 15 ሜትር ተኩል ብቻ ነው። የሚጓዘው መንገድ 5,500 ኪሎ ሜትር፣ ጣራው ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሰማይ ነው። ያ ሰማይ ጥቂት ሜትር ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር አባቴ ሬዲዮውን መታ ያደርግ ነበር።

እኛ ደግሞ ያለንበት ቦታ ልዩ ነው። የምድር መግነጢስ የራሱ የሆነ መካከለኛ መስመር አለው፤ ይህ መስመር የሚያልፈው በኢትዮጵያ፣ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ነው። መግነጢሳዊ መርፌ በክር ብታንጠለጥሉ ሰሜን አውሮፓ ላይ አፍንጫዋን ወደ መሬት ትተክላለች፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ተጋድማ ትቀመጣለች። የዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958 ሲካሄድ አዲስ አበባ ላይ የምልከታ ጣቢያ የተቋቋመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ቦታ ነው። በዚህ መስመር ዙሪያ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ኤፍ ንብርብር በፍጥነት ወደ ላይ ይነሣል፤ አንዳንዴም እንደሚፈላ ውኃ አረፋ እያወጣ ይበታተናል። ያን ጊዜ ድምፅ መጥፋትና መምጣት ብቻ ሳይሆን ይርገበገባል፤ ተናጋሪው ማራገቢያ ፊት ቆሞ የሚያወራ ይመስላል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ሬዲዮው የተበላሸ መስሎት ጠጋኝ ቤት ወስዷል። ሬዲዮው ጤነኛ ነው፤ የፈላው ሰማዩ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ፀሐይ የራሷ የ11 ዓመት ዙር አላት። ፊቷ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች ሲበዙ ሰማዩ ይወፍራል፤ 13 ሜትር እና 10 ሜትር ሳይቀር ሕይወት ይዘራሉ። ሲያንሱ ከፍተኛዎቹ ባንዶች ለወራት ጭር ይላሉ። 25ኛው ዙር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ጀምሮ በ2024 ጫፉ ላይ ደርሷል።

ከዋሽንግተን ነው የሚመጣው?

የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል በ1982 ሥራ ጀመሩ። «ከዋሽንግተን» ሲባል ሞገዱ ከዋሽንግተን የተነሣ ይመስለን ነበር። ዋሽንግተን ግን 11,500 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በየዝላዩ የሚባክነው ጉልበት ብዙ ነው። ስለዚህ ጣቢያዎቹ ቀረብ ያለ ቦታ ላይ ማስተላለፊያ ይተክላሉ። የአሜሪካ ድምፅ ቦትስዋና እና ሳኦ ቶሜ ላይ፣ የጀርመን ድምፅ ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ኪጋሊ ላይ ማሰራጫ ነበራቸው። ተናጋሪው ጀርመን፣ ቦን ተቀምጦ ሞገዱ ከሩዋንዳ ይነሣ ነበር።

ከእኛም ወደ ውጭ የሚሄድ ነበር። ኢትዮጵያ በአቃቂ ጣቢያ የሬዲዮ ሥርጭት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው፤ ጣሊያን ሊወር ሲሰናዳ የንጉሠ ነገሥቱ ድምፅ ወደ ዓለም የወጣው በአጭር ሞገድ ነው። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ብሥራተ ወንጌል ተከፈተ፤ ባለ 100 ኪሎ ዋት ሁለት ማሰራጫዎች ነበሩት፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስከ እስያ ይሰማ ነበር። በ1969 ዓ.ም. በደርግ ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ።

ስለ ማፈንም መነገር አለበት፤ የብዙዎቻችን የሬዲዮ ትዝታ ያለ እሱ ስለማይሟላ። ማፈን ማለት ጣቢያው በሚሠራበት ቁጥር ላይ ከእሱ የበረታ ጩኸት ማሰራጨት ነው፤ ሌላ ረቂቅ ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ለማፈን አቅም ሲገነባ መቆየቱን በይፋ ተናግረው ነበር። ከተማ አጠገብ የተተከለ አፋኝ መሬት ለመሬት በሚሄደው ሞገድ ከተማውን ይሸፍናል፤ መሬት ለመሬት የሚሄድ አጭር ሞገድ ግን ከጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች በኋላ ይደክማል። በሰማይ በኩል የሚሄደው የዚሁ አፋኝ ሞገድ ደግሞ አንዳንዴ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ዘልሎ ነው የሚያርፈው። በመካከል ጩኸቱ የማይደርስበት አገር ይቀራል። ለዚህ ነው አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ጩኸት ብቻ ሲሰማ ገጠር ያለ ዘመዱ ዜናውን ጥርት አድርጎ ሰምቶ በስልክ ይነግረው የነበረው። ጣቢያዎቹም ይህን ያውቃሉ፤ ቁጥር የሚቀያይሩት፣ በሦስት ባንድ በአንድ ጊዜ የሚያሰራጩት ለዚህም ጭምር ነው።

ዋጋ የለውም ተብሎ የተተወ ሞገድ

አማተር ሬዲዮ የሚባለውን፣ ሰዎች ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው በራሳቸው ማሰራጫ የሚነጋገሩበትን፣ ለመረዳት ይህን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። የሬዲዮ ፈር ቀዳጅ የሆነው ጣሊያናዊ ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1901 ከእንግሊዝ አገር ኒውፋውንድላንድ ድረስ ምልክት ካደረሰ በኋላ ሁሉም ሩቅ ለመድረስ ረጅም ሞገድ ያስፈልጋል ብሎ አመነ። መርከብ፣ ጦር ሠራዊትና ኩባንያ ረጅሙን ሞገድ ተከፋፈሉት። አሜሪካ በ1912 ሕግ ስታወጣ በየቤታቸው ማሰራጫ እየሠሩ የሚሞክሩትን ወጣቶች ከ200 ሜትር በታች ወዳለው ሞገድ ገፋቻቸው። የትም አይደርስም ተብሎ ነበር።

በኅዳር 1923 ሊዮን ዴሎይ የተባለ ፈረንሳዊ ከኒስ ከተማ አሜሪካ ውስጥ ኮነቲከት ካለው ፍሬድ ሽኔል ጋር በ100 ሜትር አካባቢ ተነጋገረ፤ በአትላንቲክ ላይ የመጀመሪያው የአማተሮች የሁለት ወገን ንግግር ነው። በዓመቱ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1924፣ ፍራንክ ቤል የተባለ የኒውዚላንድ በግ አርቢ ለንደን ሚል ሂል ትምህርት ቤት ውስጥ ካለ ሴሲል ጎይደር ከተባለ ተማሪ ጋር ተገናኘ። ከዚያ በላይ መራቅ በምድር ላይ አይቻልም ለማለት ትንሽ ነው የቀረው፤ 19,000 ኪሎ ሜትር ነው። አዮኖስፌር መኖሩን ሄቪሳይድና ኬነሊ የተባሉ ሊቃውንት በ1902 ገምተውት ነበር፤ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ አፕልተን በሙከራ ያሳየው በዚያው በ1924 ነው፤ በ1947ም የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። አማተሮቹ ሰማዩን ከሳይንቲስቱ ጋር እኩል ደርሰውበታል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። መንግሥታት ያን «የማይረባ» ሞገድ መልሰው ለመውሰድ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ አማተሮቹ በ1925 ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፍ ማኅበር መሥርተው በመሟገታቸው ነው ዛሬም የራሳቸው ሰፈር ያላቸው፦ 80፣ 40፣ 20፣ 15 እና 10 ሜትር፣ ሌሎችም።

ለማዳመጥ የሚያስፈልገው

ለማዳመጥ ብዙ አያስፈልግም። አጭር ሞገድ ያለው ማንኛውም ሬዲዮ ይበቃል፤ አዲስ የምትገዙ ከሆነ ግን ቁጥሩን በዲጂታል የሚያሳይና «ኤስ ኤስ ቢ» የሚል ቁልፍ ያለው ይሁን፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። ቴክሰን የሚባሉት ትንንሽ ሬዲዮዎች በአድማጮች ዘንድ የተወደዱ ናቸው።

ከሬዲዮው ይልቅ ለሽቦው ተጨነቁ። 8 ወይም 10 ሜትር የመዳብ ሽቦ ከመስኮት እስከ ባሕር ዛፍ ወይም እስከ ግቢው አጥር ዘርግታችሁ ጫፉን ከሬዲዮው አንቴና ጋር ብታያይዙት ልዩነቱን ያን ምሽት ታዩታላችሁ። ከኤሌክትሪክ መስመር አታስጠጉት። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት ነቅላችሁ ወደ ውጭ ጣሉት፤ ይህ የምክር ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። ቆርቆሮ ጣራ ሥር የተቀመጠ ሬዲዮ ሞገዱ ተዳክሞ ነው የሚደርሰው፤ ሽቦው ከጣራው ውጭ መሆን አለበት።

የዛሬ ዘመን ዋናው ጠላት ሰማዩ አይደለም፤ ቤታችን ነው። የስልክ ቻርጀር፣ የኤል ኢ ዲ አምፖል፣ ኢንቨርተር፣ የኢንተርኔት ሳጥን፣ ሁሉም አጭር ሞገድ ላይ ይጮኻሉ። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ማታ ማታ 31 ሜትር ባንድ ላይ ከንብ ቀፎ የማይሻል ጩኸት አለ። አንድ ቀን ምሽት 3 ሰዓት ተኩል ላይ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ሬዲዮው በድንጋይ ስለሚሠራ አልጠፋም። ያ ጩኸት በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲል ከሥሩ ተቀብረው የነበሩ ጣቢያዎች አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ ዓረብኛ፣ ስዋሂሊ፣ ቻይንኛ፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ በጣም ሩቅ የሆነ መሰንቆ የሚመስል ነገር። ሻማ ሳላበራ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ መብራት ሲጠፋ እጄ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሬዲዮው ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። የአጭር ሞገድ ዓለም የሚሠራው በዓለም አቀፉ የሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ለእኛ ይህ እንደ ስጦታ ቀላል ነው፦ 3 ቀንሱ፣ ከ12 ካለፈ 12 ደግሞ ቀንሱ። 18:00 ማለት የእኛ ምሽት 3 ሰዓት፣ 06:00 ማለት ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ሬዲዮ ለሌላችሁ ደግሞ ኔዘርላንድስ ውስጥ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ማንም ሰው በኢንተርኔት እየዞረ የሚያዳምጥበት አጭር ሞገድ መቀበያ ከፍቷል። ጥሩ መማሪያ ነው፤ የምትሰሙት ግን የኔዘርላንድስን ሰማይ እንጂ የእናንተን አይደለም።

ብዙ ጣቢያዎች አጭር ሞገድን እየተዉ መሆኑ እውነት ነው፤ ወጪው ከባድ ነው፣ አድማጩም ወደ ስልክ ሄዷል። እኔ ግን አዝናለሁ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። በአጭር ሞገድ በተናጋሪውና በአድማጩ መካከል ያለው ፀሐይ የሠራችው ሰማይ ብቻ ነው።

መልስ መስጠት የሚቻልበት ሬዲዮ

አማተር ሬዲዮ፣ በተለምዶ ሃም የሚሉት፣ ከማዳመጥ አልፎ መናገር ነው። አማተር የተባለው ለገንዘብ ስላልሆነ ነው እንጂ ዕውቀት ስለሚያንሰው አይደለም፤ የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሁሴን አማተር ነበሩ። በዚህ ሰፈር ማስታወቂያም ሆነ ንግድ የለም፤ ሙዚቃ አይለቀቅም፤ መልእክቱን በምስጢር ቋንቋ መሸፈን ክልክል ነው። ማንም ይስማው፤ ያንን አውቆ የሚገባ ይግባ።

ፈቃድ ግን ግድ ነው። ፈተና ይወሰዳል፣ ከዚያ የመጥሪያ ስም ይሰጣል። የስሙ መነሻ አገሩን ይናገራል፤ ለኢትዮጵያ የተሰጠው ኢ ቲ እንዲሁም 9 ኢ እና 9 ኤፍ ነው፤ የእስራኤል 4 ኤክስ እና 4 ዜድ፣ የኳታር ኤ 7፣ የኬንያ 5 ዜድ። ከዚህ ቀደም አስመራ የነበረው የአሜሪካኖቹ የቃኘው ጣቢያ ክለብ ኢ ቲ 3 ዩ ኤስ ኤ ይባል ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ክለብ ጣቢያ አለ፤ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ። በሬዲዮ ሲጠሩ ፊደሎቹ እንዳይምታቱ በቃል እየተኩ እንዲህ ይላሉ፦ «ሲ ኪው፣ ሲ ኪው፣ ኤኮ ታንጎ ስሪ አልፋ አልፋ።» ሲ ኪው ማለት የሰማኝ ማንም ይመልስልኝ ማለት ነው። ከኢትዮጵያ የሚናገር ጥቂት ስለሆነና በአማተሮች ዝርዝር ውስጥ ያሉትን 340 አገሮችና ግዛቶች በሙሉ ለማግኘት የሚታገሉ ብዙ ስለሆኑ ይህ ጥሪ በወጣ በደቂቃው መቶዎች ተደራርበው ይጮኻሉ። ከዚያ ጩኸት መካከል ተናጋሪው ሁለት ፊደል ይለያል፣ ያንን ሰው ብቻ ያናግራል፣ «ፋይቭ ናይን» ይለዋል፤ ጥርት ብለህ ተሰምተሃል ማለት ነው። ጨዋታው ሲያልቅ «73»፤ ደህና ሁን።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ በ100 ዋት ነው። የድሮው ባለ 100 ሻማ አምፖል የሚበላው ያህል ነው፤ ትልልቆቹ ጣቢያዎች የሺህ እጥፍ ይጠቀማሉ። እንዴት ይደርሳል? ኤስ ኤስ ቢ እዚህ ላይ ይመጣል። መደበኛው ሥርጭት ድምፁ የሚጫንበት ተሸካሚ ሞገድ አለው፣ ከዚያ በግራና በቀኙ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት የድምፁ ቅጂዎች አሉ። ከጉልበቱ ሁለት ሦስተኛ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ምንም ቃል በማይናገረው ተሸካሚ ላይ ይባክናል። አማተሮች ተሸካሚውንና አንዱን ቅጂ ቆርጠው ጥለው ሌላኛውን ብቻ ይልካሉ፤ ኤስ ኤስ ቢ የሚባለው ይህ ነው። በተራ ሬዲዮ ሲሰማ እንደ ዳክዬ ያለ ነገር ነው፤ የኤስ ኤስ ቢ ቁልፍ ያለው ሬዲዮ የጎደለውን ተሸካሚ ራሱ ይሠራና የሰው ድምፅ ያደርገዋል። ምሽት ላይ ከ7,000 እስከ 7,200 ኪሎ ኸርዝ፣ ቀን ደግሞ ከ14,000 እስከ 14,350 ፈልጓቸው።

ድምፅ ያልደረሰበት ሞርስ፣ ፊደልን በአጭርና በረጅም ምልክት የሚልከው ዘዴ፣ ይደርሳል፤ ሞርስ ማወቅ ግን እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ በዓለም አቀፍ ደረጃ ግዴታ አይደለም። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የኖቤል ተሸላሚው ጆ ቴይለርና ስቲቭ ፍራንክ የሠሩት ኤፍ ቲ 8 የሚባል ዘዴ አለ፤ ኮምፒውተር ከሬዲዮ ጋር ተያይዞ በየ15 ሰከንዱ አጭር መልእክት ይልካል፤ ጆሮ ጨርሶ የማይለየውን ምልክት ያነባል። ብዙዎች ነፍስ የለውም ይሉታል። እኔም የሰው ድምፅ ይበልጥብኛል።

ለእኛ አካባቢ ሰዎች አንድ ልዩ ነገር አለ። ኳታር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ያመጠቀቻት ሳተላይት ለአማተሮች ብቻ የተሰጠ ማስተላለፊያ ይዛለች፤ በምድር ወገብ ላይ በ26 ዲግሪ ምሥራቅ ቆማ ከአፍሪካ፣ ከአውሮፓና ከመካከለኛው ምሥራቅ ሃያ አራት ሰዓት ትታያለች። ከኢትዮጵያ ሲታይ ከራስ በላይ ሆና ወደ ደቡብ ምዕራብ ዘንበል ያለች ናት። ለእሷ ፀሐይ ጠለቀች አልጠለቀች ጉዳይ የለም፤ የሳተላይት ቴሌቪዥን ሳሕን ያለው ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

መዝናኛ ነው ብለን እንዳናቃልለው ደግሞ አንድ ቀን ላንሣ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 ሱናሚው የሕንድ ውቅያኖስን ሲመታ አንዳማን ደሴት ፖርት ብሌር ላይ ለጨዋታ የሄዱ የሕንድ አማተሮች ነበሩ። ስልክ ተቆረጠ። አንቴናቸውን አቁመው ለቀናት የማን ዘመድ በሕይወት እንዳለ ሲያስተላልፉ ከረሙ።

አሜሪካ ያላችሁ መንገዱ አጭር ነው፦ ቴክኒሽያን የሚባለው መነሻ ፈተና 35 ጥያቄ አለው፣ 26 የመለሰ ያልፋል፣ የፈቃዱ ክፍያ 35 ዶላር ነው። ሩቅ አገር በአጭር ሞገድ ለመናገር ግን ቀጣዩን፣ ጄኔራል የሚባለውን ማለፍ ይሻላል፤ አብዛኛውን ባንድ የሚከፍተው እሱ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሞገድ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ማሰራጫ ከውጭ ይዛችሁ ከመምጣታችሁ በፊት እዚያ ጠይቁ።

እስከዚያው ግን ማዳመጥ አለ፤ ማዳመጥም የራሱ ደብዳቤ አለው። ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ሰዓቱን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር፣ ቁጥሩን በኪሎ ኸርዝ፣ የሰማችሁትን በሁለት ሦስት መስመር ጻፉ። ከዚያ አምስት አኃዝ ስጡት፦ የሞገዱ ብርታት፣ የሌላ ጣቢያ ጣልቃ ገብነት፣ ጩኸቱ፣ የሰማዩ ሁኔታ፣ በጥቅሉ። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5፤ 5 ከሁሉ የተሻለው ነው። 45333 ብትሉ የበረታ፣ ማንም ያልረበሸው፣ ግን የሚወላውል ጣቢያ ነው። ይህን ለጣቢያው ስትልኩ ሰምታችኋል ብሎ የሚያረጋግጥ ካርድ ይመልስላችኋል፤ አማተሮቹም እንዲሁ ያደርጋሉ። ስማችሁን ስትጽፉ የፖስታ ሳጥን ቁጥራችሁን አትርሱ፤ ካርዱ የሚመጣው በእሱ ነው።